«80 በመቶ» ከስንት ሰው? መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን ስለ መቁጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በየዓመቱ ኅዳር ላይ የፀረ-ተህዋስያን መድኃኒቶች መላመድ ግንዛቤ ሳምንት ሲከበር ጋዜጦች ላይ ተመሳሳይ ዜና ይወጣል። እንዲህ ያለው ጀርም እንዲህ ያለውን መድኃኒት «80 በመቶ ተላምዶታል» ይባላል፤ አንባቢ ይደነግጣል፤ ሳምንቱም ያልፋል። አደጋው እውነት ነው፤ ማንም እንዲያቃልለው አንፈልግም። ነገር ግን ቁጥሩ ማንን ቆጥሮ ማንን እንደተወ ካልታወቀ ሐኪሙም ጤና ቢሮውም ሊሠሩበት አይችሉም። ስለዚህ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወለድና የት እንደሚበላሽ ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት ወደድን።

ለማስረዳት ያህል፣ በአንድ ከተማ 100 ሰዎች የፊኛ ኢንፌክሽን ያዛቸው እንበል። ሁሉም በየጤና ጣቢያውና በየመድኃኒት ቤቱ ኮትሪሞክሳዞል፣ ብዙ ሰው ባክትሪም የሚለውን ማለት ነው፣ ወሰዱ። 85ቱ ተሻላቸው፤ ከእነዚህ ናሙና የወሰደ የለም። 15ቱ አልተሻላቸውምና ሆስፒታል ሄደው ሽንታቸው ከልቸር ተደረገ፤ ጀርሙን አብቅሎ የትኛው መድኃኒት እንደሚያሸንፈው መመርመር ማለት ነው። ከ15ቱ በ12ቱ ላይ መድኃኒቱ የማይበግረው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ በቀለ። የሆስፒታሉ ሪፖርት 80 በመቶ ይላል፤ ላቦራቶሪውም አልተሳሳተም። በከተማዋ ያለው መጠን ግን ወደ 12 በመቶ የሚጠጋ ነው፤ ጀርሙ ተላምዶም በራሱ የሚሻለው ሰው ስላለ ከዚያ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ይህን መድኃኒት ለተራ የፊኛ ኢንፌክሽን ያለ ምርመራ ለማዘዝ ብዙ መመሪያዎች የሚጠቀሙበት ገደብ 20 በመቶ ነው። 12 ከገደቡ በታች ነው፣ 80 ደግሞ እጅግ በላይ። ታህቱ፣ ማለትም ከስንት ሰው እንደተቆጠረ፣ ባለመታወቁ ብቻ ርካሽና ገና የሚሠራ መድኃኒት ይጣልና ሐኪሙ ለከባድ ሕመም መቀመጥ ወደነበረበት መድኃኒት ይሻገራል። ያኛውም በተራው ይለመዳል።

በአገራችን ከልቸር የሚደረገው በአብዛኛው መድኃኒት ተሞክሮ ሳይሠራ ሲቀር ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ምርመራው የለም፤ ሆስፒታል ላይም የናሙና ጠርሙሱ ወይም መድኃኒቱ የሚሞከርበት የወረቀት ዲስክ ያልቃል። ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያን በማይጨምር የ14 የአፍሪካ አገሮች ዳሰሳ፣ ከ50 ሺህ ገደማ ላቦራቶሪዎች ባክቴሪያ አብቅለው መመርመር የሚችሉት 1.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት ላይ የወጣው ስሌት በ2019 በመላው ዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ በተላመዱ ባክቴሪያዎች እንደሞቱ፣ 4.95 ሚሊዮን ሞት ደግሞ ከእነሱ ጋር የተያያዘ እንደሆነ አሳይቷል። የእኛን አካባቢ የሚመለከተው የዚያ ስሌት ክፍል ግን መረጃው ስስ በመሆኑ በአብዛኛው በሒሳብ ሞዴል ግምት የተሞላ ነው።

በዚህ መሐል አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ትኩሳት ያለበት ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብህ» ተብሎ ሲፕሮ ወይም ሴፍትሪያክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ ይዞ ይወጣል። ዊዳልና ዌል-ፊሊክስ የሚባሉት ምርመራዎች ጀርም አያበቅሉም። የሚያሳዩት በደም ውስጥ ያለ አንቲቦዲ ነው፤ እሱም ከድሮ ሕመም ወይም ከሌላ ጀርም የተረፈ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ውሳኔ ሊሰጥበት አይገባም። ለጀርም ቅኝትማ፣ የተላመዱ ጀርሞችን በቋሚነት ለመከታተልና ለመቁጠር፣ ምንም አያበረክትም፤ የትኛው ጀርም ለየትኛው መድኃኒት እንደሚሸነፍ አይነግርም። መድኃኒቱ ግን ይዋጣል።

አሁን ወደ አልጋው ዳር እንምጣ፤ መረጃው መበላሸት የሚጀምረው እዚያ ነውና። ለደም ከልቸር ከአዋቂ ሰው ለአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ያስፈልጋል፤ ከሁለት የተለያየ ቦታ ሁለት ጊዜ፣ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ያለው ጀርም በሚሊ ሊትር አንድ ወይም ከዚያም በታች ሊሆን ስለሚችል 3 ሚሊ ሊትር ከተወሰደ ጀርሙ ሲሪንጁ ውስጥ ላይገባ ይችላል። ለጨቅላ ሕፃናት ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ቆዳው በ70 በመቶ አልኮል ይጠረጋል፤ ከዚያ 2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ለ30 ሰከንድ ወይም አዮዲን ለሁለት ደቂቃ ያህል ይቀመጥበትና እስኪደርቅ ይጠበቃል። ቀጥሎ ደም ሥሩን በጣት መልሶ መነካካት ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። የጠርሙሱ የጎማ ክዳንም በአልኮል መጠረግ አለበት፤ ፕላስቲኩ ስለተነሣ ብቻ ንጹህ ነው ማለት አይደለም።

ጠርሙሱ በ2 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይደርሳል፤ ፍሪጅ ውስጥ ግን አይገባም። ብዙ ዋርዶች ለመልካም ብለው ያቀዘቅዙታል፤ የሳንባ ምች አምጪውን ኒሞኮከስና ማጅራት ገትር አምጪውን የመሳሰሉ ጀርሞች በቅዝቃዜ ይሞታሉ። ከ100 ጠርሙስ ከ3 በላይ የቆዳ ጀርም ከበቀለባቸው የአወሳሰድ ችግር አለ ማለት ነው። ይህ ለቅኝቱም መርዝ ነው። የቆዳው ስታፊሎኮከስ ብዙ ጊዜ ለብዙ መድኃኒት የማይበገር ስለሆነ፣ ከቆዳ የገባው ጀርም እንደ እውነተኛ የደም ኢንፌክሽን ሲቆጠር መቶኛው ያብጣል፤ ታካሚውም ሳያስፈልገው ቫንኮማይሲን የተባለውን ጠንካራ አንቲባዮቲክ ይወስዳል።

ላቦራቶሪ ውስጥ በብዙ ቦታ የሚሠራው በዲስክ ነው። ጀርሙ አጋር በሚባል የረጋ የጀርም ምግብ ላይ ይዘራል፣ በመድኃኒት የተነከረ ክብ ወረቀት፣ ዲስኩ፣ ይቀመጥበታል፣ በማግስቱ በዙሪያው የሚታየው ባዶ ቀለበት በሚሊ ሜትር ይለካል። ቀላል ይመስላል፤ ግን ከእያንዳንዱ እርምጃ ጋር ቀለበቱ ይጠባል ወይም ይሰፋል። የሙለር-ሂንተን አጋር ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ 90 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ፕሌት ይህ ወደ 25 ሚሊ ሊትር ነው። በዓይን ግምት ሲፈስና ሲወፍር ቀለበቱ ይጠብና የሚሠራ መድኃኒት «አይሠራም» ይባላል፤ ሲቀጥን ተቃራኒው ይሆናል፣ እሱም ለታካሚው የበለጠ አደገኛ ነው። በፈሳሽ የተበጠበጠው ጀርም ድፍርስነት ማክፋርላንድ በሚባለው መለኪያ 0.5 ሆኖ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይዘራል። ከዚያ በላይ ከደፈረሰ ቀለበቱ አሁንም ይጠባል። ፕሌቱ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል።

ዲስኮቹ ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ብዙዎቹ ወራት የሚቀመጡት በፍሪዘር ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የሚጎዱት ሁሉም እኩል አይደሉም፤ ክላቩላኒክ አሲድ ያለባቸውና ኢሚፔኔምን የመሰሉት ቀድመው ይደክማሉ። የደከመ ዲስክ ቀለበቱ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ላቦራቶሪው አዲስ የተላመደ ጀርም ያገኘ ይመስለዋል። ከፍሪጅ የወጣ የዲስክ ማሸጊያ ቢያንስ አንድ ሰዓት በክፍሉ ሙቀት ሳይቆይ ከተከፈተ እርጥበት ይይዛልና ዲስኩ ይበላሻል። ይህ ሁሉ መከሰቱ የሚታወቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ባሕርዩ የታወቀ የማነጻጸሪያ ጀርም በየሳምንቱ፣ አዲስ ዲስክ በተከፈተ ቁጥርም አብሮ መሠራት አለበት። ለምሳሌ ኤ.ቲ.ሲ.ሲ. 25922 የተባለው ኢ. ኮላይ በሴፍትሪያክሶን ዙሪያ ከ29 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ቀለበት ማሳየት ይጠበቅበታል። 26 ካሳየ ጥፋቱ የታካሚው ጀርም ላይ ሳይሆን ከዲስኩ፣ ከአጋሩ ወይም ከአሠራሩ ነው፤ የዚያን ሳምንት የሴፍትሪያክሶን ውጤት መልቀቅ አይገባም። ኮሊስቲን የተባለው አንቲባዮቲክ ጨርሶ በዲስክ ቀለበት አይመረመርም፤ አጋር ውስጥ በደንብ ስለማይሰርግ ቀለበቱ የሚነግረን ነገር የለም። በዲስክ የተሠራ የኮሊስቲን መቶኛ በጽሑፍ ያየ ሰው ሊጠራጠረው ይገባል።

ዲስክ ሲያልቅ የሚፈጠር ሌላ ስውር ስህተት አለ። አንዳንድ ላቦራቶሪ ሜሮፔኔም የተባለው ጠንካራ አንቲባዮቲክ ዲስክ ጥቂት ሲቀረው ሌሎቹ መድኃኒቶች ባልሠሩባቸው ጀርሞች ላይ ብቻ ይጠቀምበታል። ለታካሚው ትክክለኛ ቁጠባ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ግን የሜሮፔኔም መቶኛ የሚሰላው ከክፉዎቹ ጀርሞች ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለ ወቅት መዝገቡ ላይ ተለይቶ መጻፍ አለበት።

ከሁሉ በላይ ልንቆይበት የምንፈልገው ግን መዝገቡ ነው፤ እዚህ ላይ ያለው ስህተት የኛው የራሳችን ስለሆነ የውጭ መመሪያ አይነግረንም። ብዙ ላቦራቶሪዎች መረጃቸውን የሚያስገቡት «ሁኔት» በሚባለው፣ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ በሚሰጠው ሶፍትዌር ነው። ኢንፌክሽኑ ከሆስፒታል የመጣ ወይስ ከቤት የሚለውን የሚለየው ታካሚው የገባበትንና ናሙናው የተወሰደበትን ቀን አቀናንሶ ነው። ናሙናው ታካሚው በገባ በሁለት ቀን ውስጥ ከተወሰደ ከማኅበረሰቡ፣ ከዚያ ካለፈ ከሆስፒታሉ ይባላል። አሁን አንድ ታካሚ መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ገብቶ በማግስቱ ደሙ ተወሰደ እንበል። ካርዱ ላይ የገባበት ቀን በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል፤ ማሽኑ ያተመው ወረቀት ግን ናሙናውን በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 14 ቀን 2025 ይለዋል። ሁለቱ ሳይቀየሩ ከገቡ ሰውየው ከሰባት ዓመት በላይ የተኛ ይመስላል፤ ከቤቱ ይዞት የመጣው ጀርምም የሆስፒታል ጀርም ተብሎ ይቆጠራል። የልደት ቀን ላይ ሲሆን ይብሳል። መስከረም 2018 ዓ.ም. የተወለደ የአምስት ቀን ጨቅላ የሰባት ዓመት ልጅ ይሆንና ከጨቅላ ሕፃናት ዓምድ ይጠፋል፤ በተላመደ ጀርም እጅግ የሚጎዳው ግን እሱ ነው። ጳጉሜን ደግሞ ኮምፒዩተሩ አያውቃትም፤ 13ኛ ወር ሲጻፍለት አይቀበልም፤ መዝጋቢው ወይ ባዶ ይተወዋል ወይ ነሐሴ ብሎ ያልፋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «3 ሰዓት» ጠዋት ይሁን ማታ፣ በእኛ ይሁን በማሽኑ ሰዓት ሳይጻፍ ጠርሙሱ ስንት ሰዓት እንደዘገየ ማወቅ አይቻልም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ቅጹ ላይ ከቀኑ ሳጥን ጎን «ዓ.ም.» የሚል ይታተም፤ ዋርዱ የሚጽፈው ሁልጊዜ በእኛ አቆጣጠር ይሁን፤ መቀየሩን አንድ ቦታ ላይ፣ መረጃው ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ፣ በቀን መለወጫ ፕሮግራም አንድ ሰው ይሥራው። በየወሩ ደግሞ ቆይታቸው ከ365 ቀን በላይ ወይም ከዜሮ በታች የሆነ ታካሚዎች ይጣሩ፤ የተገለበጡት ቀኖች አብዛኞቹ በዚህ ይያዛሉ።

ስምም የራሱ ችግር አለው። አንድ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው በሦስት ሳምንት ስድስት ጊዜ ናሙና ሊወሰድበት ይችላል፤ ስድስቱም ላይ ያው ጀርም ይበቅላል። ደንቡ ከአንድ ሰው፣ ከአንድ ዓይነት ናሙና፣ አንድ ዓይነት ጀርም በዓመት አንዴ ብቻ፣ የመጀመሪያው ይቆጠር ነው። ያለበለዚያ አንድ ክፉ ጀርም ስድስት ሆኖ ይታያል። ሶፍትዌሩ ይህን የሚያጣራው በመለያ ቁጥር ነው። የካርድ ቁጥሩ በየመግቢያው አዲስ ከሆነ፣ ኃይሉ አንዴ «ኃ» አንዴ «ሀ» ተብሎ ከተጻፈ፣ በላቲን ፊደል ደግሞ በሦስት ዓይነት ከገባ፣ አንዱ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል። በእናቱ ስም «የእገሊት ልጅ» ተብሎ የተመዘገበ ጨቅላ ስም ሲወጣለት ሁለተኛ ልጅ ይመስላል። ስለዚህ ስም ለማጣራት አይበቃም፤ ለአንድ ሰው ሳይቀየር የሚኖር የካርድ ቁጥር ግድ ነው። ከሌላ ሆስፒታል በሪፈር የመጣ ታካሚም ተለይቶ ካልተጻፈ፣ እዚያ አሥር ቀን ተኝቶ የያዘው ጀርም «ከማኅበረሰቡ» ተብሎ ይመዘገባል።

ያልበቀለባቸው ናሙናዎችም ይመዝገቡ። ብዙ ቦታ መዝገብ የሚገባው የበቀለው ብቻ ነው። ስንት ተወስዶ ስንት በቀለ ካልታወቀ፣ ዘንድሮ የተላመደው ጀርም የጨመረው በእውነት ጨምሮ ይሁን ወይስ ጠርሙስ ስለተገኘና ብዙ ስለተመረመረ፣ መለየት አይቻልም። አገራዊው ቅኝት በ2009 ዓ.ም. በአራት ላቦራቶሪዎች ተጀምሮ እየሰፋ መጥቷል። አዲስ ሆስፒታል በገባ ቁጥር የአገሪቱ መቶኛ ሊወጣ ወይም ሊወርድ ይችላልና የዓመታት ንጽጽር መሠራት ያለበት ከመነሻው ጀምሮ ባሉት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው።

መዝገቡ ሲጠራ ለሆስፒታሉ የሚጠቅመው ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው በዓመት አንዴ በአንድ ገጽ ተጠቅልሎ በየዋርዱ የሚለጠፍ፣ የትኛው ጀርም ለየትኛው መድኃኒት እንደሚሸነፍ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። ከ30 ታካሚዎች በታች ከሆነ መቶኛ አይሰላ፤ ከ7 ጀርም 5ቱ «71 በመቶ» ተብሎ ሲጻፍ ያልሆነ እርግጠኝነት ይሰጣል። የሁለት ዓመት መረጃ ማቀናጀት ይሻላል። ሽንትና ደም፣ ጽኑ ሕሙማንና ተመላላሽ ታካሚ በአንድ ሠንጠረዥ አይደባለቁ።

ሁለተኛው ጥቅም፣ የወረርሽኝ ማስጠንቀቂያው፣ ዓመት አይጠብቅም። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል በሁለት ሳምንት ውስጥ በሁለት ወይም በሦስት ሕፃናት ደም ውስጥ ተመሳሳይ የመድኃኒት ዝርዝር የሚቋቋም ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ ከታየ ወረርሽኝ ነው ተብሎ መታሰብ አለበት። ይህን ለማየት ማሽን አያስፈልግም፤ በየዋርዱ አንድ ገጽ ተራ ዝርዝር፣ ቀን፣ አልጋ፣ ጀርም፣ መድኃኒቶቹ፣ በቂ ነው። ላቦራቶሪው የዚያኑ ዕለት ስልክ ይደውላል። ክፍሉ ደግሞ ለብዙ ሕፃን የሚቀዳ አንድ የመድኃኒት ወይም የፈሳሽ ጠርሙስ፣ የመተንፈሻ አምቡ ባግ፣ የሳክሽን ቱቦ፣ የእጅ መታጠቢያ ገንዳና የእጅ አልኮል እጥረት አንድ በአንድ ይፈትሻል። በብዛት ምንጩ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ወደ ማኅበረሰቡ ስንመጣ፣ ሆስፒታል ላይ የሚመጣውን መጠበቅ በመጀመሪያው ምሳሌ የታየውን ስህተት ይደግመዋል። የሚሻለው የተወሰኑ ጤና ጣቢያዎችን መርጦ፣ በሳምንት በሁለት ቋሚ ቀናት የፊኛ ሕመም ይዞት የመጣን ሰው ሁሉ፣ መድኃኒት ሞክሮ የከሸፈበትንም ገና ያልጀመረውንም፣ መድኃኒት ሳይጽፉለት በፊት ሽንቱን መውሰድ ነው። መቶኛው በ5 ነጥብ ወዲያና ወዲህ እንዲታመን ጀርም የበቀለባቸው 384 ናሙናዎች ያስፈልጋሉ። ከአራት አንዱ ቢበቅል ወደ 1,540 ሰው መመርመር ማለት ነው። በስምንት ጤና ጣቢያ፣ በእነዚያ ሁለት ቋሚ ቀናት በእያንዳንዱ አምስት አምስት ሰው ቢወሰድ አምስት ወር አይሞላም። ሽንቱ በ2 ሰዓት ውስጥ ካልደረሰ ቦሪክ አሲድ ባለበት ቱቦ ይላካል፤ ቱቦው እስከ መስመሩ ካልሞላ አሲዱ በዝቶ ጀርሙን ይገድለዋል። ላቦራቶሪው በ1 ማይክሮ ሊትር ሉፕ ሲዘራ 100 ኮሎኒ ማለት በሚሊ ሊትር 100 ሺህ ጀርም ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ዓይነት ከበቀለ ናሙናው ተበክሏል፤ ሌላ ይጠየቃል። ማጓጓዣው አዲስ አይሆንብንም፤ የቲቢ አክታ ናሙና በፖስታ አገልግሎት ሲጓዝ ቆይቷል።

የመድኃኒት አጠቃቀሙም ጎን ለጎን ይቆጠር። ለዚህ ላቦራቶሪ እንኳ አያስፈልግም፤ የፋርማሲው ቢን ካርድ፣ የእያንዳንዱ መድኃኒት ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ፣ ይበቃል። የሴፍትሪያክሶን የአዋቂ ሰው የቀን መለኪያ 2 ግራም ነው። አንድ ሆስፒታል በወር 600 ባለ 1 ግራም ቫያል አውጥቶ፣ በዚያው ወር 2,400 የአልጋ ቀን (የተኙ ታካሚዎች የቆዩባቸው ቀናት ድምር) ከነበረው፣ አጠቃቀሙ በ100 የአልጋ ቀን 12.5 የቀን መለኪያ ነው። ይህን በየክፍሉ ለይቶ በየወሩ በግድግዳ ላይ መጻፍ፣ ለምሳሌ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ለመከላከያ የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ እያስረዘመ ከሆነ ፍንጭ ይሰጣል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መግለጫ እስከ 2030 ድረስ ሰው ከሚጠቀመው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው እንደ አሞክሲሲሊን ካሉት ቀዳሚ መድኃኒቶች እንዲሆን ተስማምቷል። ሴፍትሪያክሶን፣ ሲፕሮና አዚትሮማይሲን ከዚያ ምድብ ውጪ ናቸው። ግቡ ላይ መድረሳችንን የምናውቀው ከቢን ካርዱ ነው።

ከጋዜጣችሁ የምንጠይቀው፣ ወደፊት እንዲህ ያለ መቶኛ ስታትሙ ከጎኑ ከስንት ታካሚ እንደተገኘ፣ ሆስፒታል ተኝተው ከነበሩ ወይስ ከተመላላሽ፣ ከየትኛው ናሙና፣ የተደጋገመው ወጥቶ እንደሆነ ባለሙያውን ጠይቃችሁ እንድታወጡ ነው። ከሆስፒታሎች የምንጠይቀው ደግሞ የከልቸር መጠየቂያ ቅጽ በሚቀጥለው ሲታተም ሦስት ሳጥን እንዲጨመርበት ነው፦ ታካሚው የገባበት ቀን በዓ.ም.፣ ከሌላ ጤና ተቋም በሪፈር መጥቶ እንደሆነ፣ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት አንቲባዮቲክ ጀምሮ እንደሆነና የትኛውን። ሦስቱ ካልተሞሉ ላቦራቶሪው ናሙናውን ይቀበልና ወዲያው ዋርዱ ላይ ስልክ ይደውል፤ ደም መልሶ መውሰድ ታካሚውን ይጎዳልና።

ከአክብሮት ጋር፣
የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ